የቁምሳጥን ቢራ፦ ጠላ ለሚያውቅ ሰው

መጀመሪያ የጠመቅኩትን ቢራ ለእናቴ በቪዲዮ ሳሳያት ነጩን ባልዲ አየችና ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ «ልጄ፣ ይሄ የቀለም ባልዲ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ «በምን አጠንከው?» ብላ ጠየቀች። ማጠኑ ይቅርና፣ ሜሪላንድ ባለው አፓርታማዬ ውስጥ ወይራ ባጨስ የእሳት አደጋ ደወሉ ሕንፃውን ሙሉ ሰው ውጭ ያሰልፈዋል። «አላጠንኩትም እማዬ፣ በመድኃኒት ነው ያጠብኩት» ስላት «እንግዲያ ጠላ አይደለማ» አለች። ልክ ነበረች።

ጠላ ባይሆንም ግን ዘመዱ ነው። ጠመቃ ልማር ብዬ ያነበብኩት ሁሉ ስለ ብቅል፣ ስለ ጥንስስ፣ ስለ አተላ ሲያወራ ለአሜሪካዊው ጎረቤቴ አዲስ ትምህርት የሆነው ነገር ለእኔ የጓዳ ወሬ ነበር። እናቱ ወይም አክስቱ ጠላ ስትጥል እያየ ያደገ ሰው የቢራን ግማሽ ሳይማረው ያውቀዋል። ችግሩ ቀሪው ግማሽ ነው፤ ጠላ ላይ የለመድነውን እንድንተው ይጠይቃል። ጀማሪ የሚያበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

ከምናውቀው ልጀምር። ቢራ አራት ነገር ነው፦ ውሃ፣ ብቅል፣ ሆፕ የሚባል መራራ አበባ እና እርሾ። ባቫሪያ ውስጥ በ1516 የወጣው ዝነኛው የቢራ ሕግ የፈቀደው ግን ሦስት ብቻ ነበር፦ ገብስ፣ ሆፕ፣ ውሃ። እርሾን ሕጉ አላነሳውም፤ እርሾ የሚባል ሕይወት ያለው ነገር መኖሩን ያኔ የሚያውቅ አልነበረምና። ጠማቂዎቹ ድሮውንም ይጠቀሙበት ነበር፤ የሚሠራው ማን እንደሆነ ብቻ አላወቁም።

ብቅልን እናቶቻችን ከማንም ፋብሪካ ባልተናነሰ ያውቁታል። ገብሱ ይነከራል፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ይበቅላል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በዚህ መሀል ፍሬው ውስጥ የሚሆነው ነገር ይሄ ነው። ፍሬው ሊበቅል ሲነሳ ኤንዛይም የሚባሉ ነገሮችን ያመነጫል። እንደ ትናንሽ መቀስ አስቧቸው። የስታርች ረጅም ሰንሰለት እየቆራረጡ ስኳር ያደርጉታል፤ ስኳሩም ለቡቃያው ስንቅ ነው። ቡቃያው ስንቁን በልቶ ሳይጨርስ እኛ ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። እድገቱ ይቆማል፣ መቀሶቹ ግን አይሞቱም፤ ደርቀው ይተኛሉ፣ ውሃ ሲያገኙ ይነሳሉ።

ለጠላ ቂጣ የሚጋገረው፣ እንኩሮ የሚታመሰው ለምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ለማዕዛ ይመስለኝ ነበር። ማዕዛውም አለ፤ ዋናው ግን ጥሬ ስታርች ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ መቀሱ በቀላሉ አይገባበትም። እርጥበትና እሳት ሲያገኘው ይፈታል፣ ያብጣል፣ ለመቆረጥ ይመቻል። ከዚያ የብቅሉ ዱቄት ሲገባበት ድፍድፉ ውስጥ በቀስታ ይጣፍጣል። ቢራ ጠማቂ ይህንኑ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል፦ የተከካውን ብቅል ከ65 እስከ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ ይዘፈዝፈዋል። ሙቀቱ ወደ 80 ሲጠጋ መቀሶቹ ይበላሻሉ፤ በጣም ከቀዘቀዘም ይዘገያሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ብቅሉን አጥልሎ የሚያገኘው ጣፋጭ፣ ቡናማ ውሃ ለቢራ መነሻ ይሆናል።

አሻሮም ቢራ ውስጥ አለ። ስታውት የሚባለው ጥቁር ቢራ ጥቁረቱንና ቡና ቡና የሚለውን ጣዕሙን የሚያገኘው ከተቆላ ገብስ ነው። ፈረንጁ ለአሻሮው ብዙ ስም አለው፤ ቀላ ያለው ሌላ፣ የጠቆረው ሌላ። እኛ ቤት ግን እናቴ በዓይኗ ለይታ «ይበቃዋል፣ አውርጂው» ነው የምትለው።

ሆፕ የጌሾ ወንበር ላይ የተቀመጠ ነው። የሐረግ አበባ ነው፣ አረንጓዴ፣ በጣት ሲያሹት የሚያጣብቅ። ሁለቱም ምሬት ይሰጣሉ፣ ሁለቱም አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ያዳክማሉ። አሠራራቸው ግን ይለያያል። ጌሾ ቅጠሉም እንጨቱም ገብቶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለቀናት ሲቀመጥ ምሬቱን ይለቃል፤ ጌሾይዲን የሚሉት ንጥረ ነገር ነው መራራው። የሆፕ ምሬት ግን በቀዝቃዛ ውሃ ብዙም አይወጣም። እሳት ላይ አንድ ሰዓት ያህል ሲንተከተክ ነው አሲዶቹ ቅርጻቸውን ቀይረው በደንብ የሚሟሙትና መራራ የሚሆኑት። መዓዛው በተቃራኒው በእሳት ይተናል። ስለዚህ ሆፕ ሁለት ጊዜ ይጨመራል፦ መጀመሪያ ለምሬት፣ መጨረሻ ላይ ለሽታ።

እርሾ ላይ ስንደርስ መንገዳችን ይለያያል።

ጠላ በሩ ክፍት የሆነ ቤት ነው። ቅጠሉ ላይ ያለው፣ ብቅሉ ላይ ያለው፣ እንስራው ግድግዳ ላይ ከባለፈው ድግስ የቀረው ሁሉ ይገባል። የዱር እርሾ ይገባል፣ እርጎን የሚያኮመጥጡት ዓይነት ባክቴሪያዎችም ይገባሉ። ጠላ ትንሽ ኮምጠጥ ማለቱ ከዚህ ነው፤ እኛም ወደነዋል። የሁለት ሴቶች ጠላ አንድ የማይሆነውም፣ «የእገሊት እጅ» የምንለውም በከፊል ከዚህ ይመጣል። ቢራ ግን በጥሪ ወረቀት የሚገባበት ሠርግ ነው። የተጠራው አንድ እርሾ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ በር ላይ ይመለሳል። ይህ ነገር በቢራ ታሪክም የቅርብ ጊዜ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓስተር እርሾ ሕይወት ያለው ፍጥረት መሆኑን አሳየ፤ በ1883 ደግሞ ኮፐንሃገን ባለው የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ኤሚል ክርስቲያን ሀንሰን አንዲት የእርሾ ሴል ነጥሎ ማራባት ቻለ። አብዛኞቹ የዛሬ ፋብሪካዎች በዚያ መንገድ የመጡ ናቸው፤ የእኛ ቁምሳጥንም እንደዚሁ።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሁሉ፣ ማፍላቱ፣ ማቀዝቀዙ፣ ማጠቡ፣ መክደኑ፣ ያልተጠራ እንዳይገባ የሚደረግ ጥበቃ ነው። ይህን ከያዛችሁ የቀረውን ራሳችሁ ልታወጡት ትችላላችሁ።

አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ያሳስታል። ውሃ እሳት ላይ ሲንተከተክ «ፈላ» እንላለን፤ ጥንስስ ማሰሮ ውስጥ ሲንቸፈቸፍም «ፈላ» እንላለን። አንድ ጓደኛዬ በስልክ ሳስረዳው «ከፈላ በኋላ እርሾውን ትጨምራለህ» አልኩትና ሰውዬው እሳት ላይ ባለው ድስት ላይ ሊበትነው ተነስቶ ነበር። እርሾ ገና 40 ዲግሪን ሲያልፍ ይጎዳል፤ በሚፈላ ውሃማ ሾርባ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የእሳቱን መንተክተክ፣ የእርሾውን መፍላት እላለሁ።

ዕቃውን በተመለከተ፣ የጠመቃ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ገብታችሁ የሚያብረቀርቀውን ሁሉ አትግዙ። 15 ሊትር ገደማ የሚይዝ ድስት ያስፈልጋል፤ ለዶሮ ወጥ ድግስ ያለው ትልቁ ብረት ድስት ይበቃል፣ ግን የቁሌት ቅባት የማይለቀው ከሆነ ይቅርባችሁ፣ ቅባት የቢራን አረፋ ይገድላል። ከ23 እስከ 25 ሊትር የሚይዝ ለምግብ የተሠራ ክዳን ያለው ባልዲ፣ ክዳኑ ላይ የምትሰካ የአየር ማስወጫ፣ ቴርሞሜትር፣ ቢራውን ከባልዲ ወደ ጠርሙስ የሚያጋባ ቱቦ፣ ቆርኪ መግጠሚያና ሃይድሮሜትር። ይኸው ነው። የአየር ማስወጫዋ ውስጧ ትንሽ ውሃ የሚቀመጥባት ትንሽ የላስቲክ ዕቃ ናት፦ ከውስጥ ጋዝ ቡልቅ እያለ ይወጣል፣ ከውጭ ግን ዝንብም አየርም አይገባም። እንስራ አፉ በጭቃ ሲመረግ የሚሠራውን ሥራ ነው የምትሠራው። ሃይድሮሜትር የምትባለውን፣ ፈሳሹ ውስጥ ስኳር ምን ያህል እንዳለ የምትለካ የመስታወት ዘንግ ብዙ ጀማሪ «ትቆይልኝ» ይላታል። አታቆዩአት፤ እኔ አቆይቼ ያየሁትን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ማጠብ ሁለት ነው። መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ እድፍ ይለቃል፤ ከዚያ ተህዋስ ይገደላል። ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው አይሠራም፤ እድፍ ሥር የተደበቀ ባክቴሪያን የትኛውም መድኃኒት አያገኘውም። የጠመቃ ሱቆች ሳይለቀለቅ የሚተው አሲድ ነክ መድኃኒት ይሸጣሉ፤ ዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ በውሃ ይበጠበጣል፤ እኔ የምጠቀመው እሱን ነው። እሱ ካልተገኘ በአራት ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና ጨምራችሁ 20 ደቂቃ ያህል ዘፍዝፉ፣ ከዚያ ተንተክትኮ በቀዘቀዘ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። በረኪና ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የእናቴ ግራዋና ወይራ የሚሠሩት ይህንኑ ሥራ ነበር፦ በግራዋ ይፈተጋል፣ በወይራ ይታጠናል። ጭሱ ለመዓዛ ብቻ አልነበረም።

አሁን ወደ ምድጃው። ለ19 ሊትር ቢራ፣ ማለትም አሜሪካኖች አምስት ጋሎን ለሚሉት፣ የሚያስፈልገን 2.7 ኪሎ የብቅል ዱቄት፣ 56 ግራም ሆፕና አንድ 11 ግራም ገደማ የሆነ የደረቅ የቢራ እርሾ ፓኬት ነው። የብቅል ዱቄት ስል የተፈጨ ብቅል ማለቴ አይደለም። ያንን የ65 ዲግሪ ሥራ ፋብሪካ ጨርሶ፣ ጣፋጩን ውሃ አትንኖ ያደረቀው ነው። ማልት ኤክስትራክት ብላችሁ ጠይቁ። ከፍሬ ብቅል ጀምሮ መሥራት የበለጠ ያስደስታል፣ ግን ለሦስተኛው ወይም ለአራተኛው ጊዜ አቆዩት። መጀመሪያ ላይ ልትማሩት የሚገባው ንጽህናና ሙቀት ነው።

ድስቱ ላይ 10 ሊትር ያህል ውሃ አድርጉና አሙቁ። የአፓርታማ ምድጃ 20 ሊትር ማንተክተክ ይከብደዋል፤ ቀሪውን ውሃ በኋላ እንሞላለን፣ ልክ ጠላ ላይ ድፍድፉ ከደረሰ በኋላ ውሃ እንደሚሞላው። የምትሞሉት ውሃ ግን ቀድሞ ተንተክትኮ የቀዘቀዘ ወይም ያልተከፈተ የታሸገ ውሃ ይሁን። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ከበዛበት ቢራው ላይ የቁስል ፕላስተር የሚመስል ጣዕም ይተዋል፤ አንድ ጊዜ የቀመሰው አይረሳውም።

ውሃው ሲሞቅ ድስቱን ከእሳቱ አውርዱና ነው ዱቄቱን የምትጨምሩት። እሳት ላይ እያለ ከጨመራችሁት ሥሩ ይይዛል፣ ያራል። ዱቄቱ እንፋሎት ሲነካው እንደ አስቸጋሪ የገንፎ ዱቄት ይጓጉላል፤ አትደንግጡ፣ ማማሰሉን ቀጥሉ፣ ይሟሟል። ወደ እሳቱ ስትመልሱት ዓይናችሁን ከድስቱ እንዳታነሱ። ሊንተከተክ ሲል አረፋው ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ይነሳል፣ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ጊዜ ምድጃውን ያጥለቀልቀዋል። ወተት ገንፍሎበት የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ ልዩነቱ ይሄኛው የስኳር ውሃ ስለሆነ ምድጃው ላይ እንደ ካራሜላ መድረቁ ነው። የመጀመሪያ ቀን የአፓርታማዬን ምድጃ በቢላዋ ነው የፋቅኩት።

አረፋው ሲረጋ 28 ግራሙን ሆፕ ጨምሩና ሰዓት ያዙ። 60 ደቂቃ፣ ክዳኑ ገርበብ ብሎ፣ የማይፈለጉ ሽታዎች በእንፋሎቱ እንዲወጡ። ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ቀሪው 28 ግራም ይገባል። ቤቱ ሁሉ ሣርና ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ባለቤቴ መጀመሪያ ቀን መስኮት ከፈተች፤ አሁን ሽታው ሲመጣ «ዛሬ ነው እንዴ?» ብላ ትወጣለች።

እሳቱ ከጠፋ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት የቀኑ ሁሉ አደገኛው ሰዓት ነው። እስካሁን ሙቀቱ ራሱ ጠባቂ ነበር። አሁን ጣፋጭ፣ ለብ ያለ፣ ለማንኛውም ባክቴሪያ የተዘረጋ ማዕድ ነው ያላችሁ። ድስቱን ከነክዳኑ በበረዶና በውሃ በተሞላ የዕቃ ማጠቢያ ውስጥ አስቀምጡት፤ ውሃው ሲሞቅ ቀይሩት። ከዚህ በኋላ ቢራውን የሚነካ ነገር ሁሉ፣ ማንኪያው፣ ቴርሞሜትሩ፣ የእርሾውን ፓኬት የምትቆርጡበት መቀስ ሳይቀር፣ መድኃኒቱ ውስጥ ገብቶ የወጣ ይሁን። በጣት መቅመስ የለም። አውቃለሁ፣ ከባድ ነው፤ እኛ ጣት የማንነክርበት ምግብ የለም።

ከ25 ዲግሪ በታች ሲወርድ ወደ ባልዲው አፍስሱት፣ ከፍ አድርጋችሁ፣ እየተንቦጫረቀ። በዚህች ሰዓት ብቻ አየር ወዳጅ ነው፤ እርሾው ለመባዛት ኦክስጅን ይፈልጋል። ቀዝቃዛውን ውሃ እስከ 19 ሊትር ሙሉበት። ትንሽ ቀድታችሁ ሃይድሮሜትሯን ተንሳፋፊ አድርጋችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ባልነው መጠን ከሠራችሁ 1.052 አካባቢ ታነባለች። ቁጥሩ ፈሳሹ ከንጹህ ውሃ በምን ያህል እንደሚከብድ ይናገራል፤ የከበደው ስኳሩ ነው። ከዚያ እርሾውን በላዩ ላይ በትኑት፣ ክደኑት፣ የአየር ማስወጫዋን ሰክታችሁ ውሃ አድርጉባት።

ባልዲው ቁምሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ጨለማ ነው፣ ሙቀቱም ብዙ አይለዋወጥም። አሁን የሠራነው ኤል የሚባለው የቢራ ዓይነት ነው፤ የሚስማማው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ነው፤ በፋራናይት ከ64 እስከ 68። እንደ ጊዮርጊስ ያለው ላገር ከ9 እስከ 13 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ፍሪጅ ለብቻው ያልመደበ ሰው ባይሞክረው ይሻላል። «ጊዮርጊስን ቤቴ ልሥራ» ብሎ የሚጀምር ሐበሻ ብዙ ነው፤ ከሁሉ ከባዱን መምረጡን አያውቅም። ላገር ጣዕሙ ቀለል ያለ ስለሆነ ትንሿን ጥፋት ሳይቀር ያጋልጣል።

በአንድ ቀን ውስጥ የአየር ማስወጫዋ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ትጀምራለች። ሌሊት ላይ ሲሰማ የልብ ምት ይመስላል። እርሾው ሲሠራ ራሱ ስለሚሞቅ ባልዲው ውስጥ ያለው ከክፍሉ አየር ሁለትና ሦስት ዲግሪ ከፍ ይላል። ስለዚህ ክፍሉ 22 ከሆነ ውስጡ 25 ነው፤ እርሾው ተንገብግቦ ይሠራና ራስ የሚያሳምም፣ አልኮል አልኮል የሚል ቢራ ያወጣል። ባልዲውን ውሃ ያለበት ሰፊ ዕቃ ውስጥ አስቀምጣችሁ እርጥብ ፎጣ ብታለብሱት በቂ ነው። ሁለት ሳምንት ተዉት። ክዳኑን እየከፈታችሁ አትዩት። ጠላ በየቀኑ ይቀመሳል፣ «ዛሬ ጉሽ ነው፣ ነገ ይደርሳል» ይባላል፤ ቢራ ግን መታየት አይወድም።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ጉድ የመጣው።

ሁለተኛ ጊዜ ስጠምቅ ቡልቅታው በስድስተኛው ቀን ቆመ። «ደረሰ» አልኩ። ሃይድሮሜትሯ ሳጥኗ ውስጥ ናት፤ ቡልቅታውን እየሰማሁ ለምን እለካለሁ? ስኳር ጨምሬ ጠርሙስ ውስጥ ሞላሁት፣ ቆርኪውን ገጠምኩ፣ 50 ጠርሙስ ክረምት ልብስ ከተሰቀለበት ሥር ደረደርኩ። ከአሥር ቀን በኋላ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ጧ! የሚል ድምፅ ሰማን። ባለቤቴ መስኮት የተሰበረ መስሏት ስልኳን አነሳች። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው ፈነዳ። የቁምሳጥኑን በር ልከፍት ስል ሦስተኛው ቀደመኝ፤ በሩ ባይኖር ስብርባሪው ፊቴ ላይ ነበር። የባለቤቴ ካፖርት ላይ የተተከለውን ጠርሙስ በማግስቱ በመቆንጠጫ ነቀልነው። ካፖርቱ ዛሬም ይሸታል።

የሆነው ነገር ቀላል ነው። ቡልቅታ የቆመው ክፍሉ ቀዝቅዞ እርሾው ስላንቀላፋ ነበር፤ ስኳሩ ገና አላለቀም። ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ክፍሉ ሲሞቅ ነቃ፤ የቀረውንም እኔ የጨመርኩትንም በላ፤ ጋዙ መውጫ አጣ። ጠላ አይፈነዳም፤ የእንስራ አፍ እንዲህ አይታሸግም። ቢራ ግን ቆርኪ አለው። ስለዚህ መተማመኛው ቁጥር ነው እንጂ ጆሮ አይደለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለኩ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ለኩ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ፣ ለምሳሌ 1.012 እና 1.012፣ አልቋል። ከወረደ ጠብቁ።

ያው ሁለት ቁጥር የአልኮሉን መጠንም ይሰጣችኋል። ከመጀመሪያው የመጨረሻውን ቀንሱና በ131 አባዙ፦ 1.052 ሲቀነስ 1.012 ይሆናል 0.040፤ በ131 ሲባዛ 5.2 በመቶ ገደማ። እናቴ ይህን ስነግራት «እኛ ስንጠጣው ነው የምናውቀው» አለችኝ።

ጠርሙስ ላይ ስትደርሱ፣ እርሾው በልቶት ጋዝ እንዲፈጥር፣ ለአንድ ሊትር 6 ግራም ያህል ስኳር ይበቃል፤ ለ18 ሊትር 108 ግራም። በጥቂት ውሃ አንተክትካችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ፣ ንጹህ ሁለተኛ ባልዲ ሥር አድርጉና ቢራውን በቱቦ ላዩ ላይ አጋቡት፣ አተላውን ከታች ትታችሁ። አሁን አየር ጠላት ነው፤ እንዳይንቦጫረቅ፣ ቱቦው ሥር ድረስ ይውረድ። አየር የገባበት ቢራ ከወር በኋላ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል። በየጠርሙሱ ስኳር በማንኪያ መጨመር አይሆንም፤ አንዱ ቦንብ አንዱ ውሃ ይሆናል። ቡናማ የቢራ ጠርሙስ ሰብስቡ፣ በጠምዛዛ የሚከፈተው አይደለም፤ በመክፈቻ የሚከፈተው። ቡናማው ለጌጥ አይደለም፦ ብርሃን ሆፕን ሲያገኘው መጥፎ ሽታ ይፈጥራል፤ አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ይህን አያግድም። እንዲሁም አንዱን ብቻ በለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሙሉት። በየሁለት ቀኑ ስትጨብጡት እየጠጠረ ይመጣል፤ ድንጋይ ሲሆን ጋዙ ደርሷል ማለት ነው፤ ሁሉንም ወደ ፍሪጅ አስገቡ። ይህችን ዘዴ ቀድሜ ባውቃት ካፖርቱ ይተርፍ ነበር። ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

የማይጥም ሲሆን ጣዕሙ ራሱ ጥፋቱን ይናገራል። አረንጓዴ ፖም ፖም ካለ ቸኩላችኋል፤ ሳምንት ይጨመርለት። ቅቤ ቅቤ ካለም እርሾው ጠርጎ ሳይጨርስ ነው የወሰዳችሁት። ከኮመጠጠ ያልተጠራ እንግዳ ገብቷል፤ የላስቲክ ቱቦውን ጣሉትና አዲስ ግዙ፣ ጭረት ውስጥ የተደበቀ አይወጣም። ጎምዛዛ ቢራ አይገድልም፤ በሽታ አምጪ የሚባሉት ተህዋሶች አልኮልና ምሬት ባለበት አሲዳማ ነገር ውስጥ በቀላሉ አይኖሩም። ሰዎች «ዓይን ያጠፋል ይባላል» እያሉ የሚጠይቁኝ ከአረቄ ጋር እያምታቱት ነው። እሱ ማጣራትን፣ ማለትም እንፋሎቱን መሰብሰብን የሚመለከት ሌላ ጣጣ ነው። ቢራ አይጣራም፣ ሜታኖልም ለጉዳት የሚበቃ አያወጣም።

ሕጉን በአጭሩ። አሜሪካ ውስጥ ቤት ቢራ መጥመቅ በፌደራል ደረጃ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ ነው። አንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት 200 ጋሎን፣ ለመጠጣት እንጂ ለመሸጥ አይደለም። ክፍለ ሀገሮቹ የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ሚሲሲፒና አላባማ የፈቀዱት በ2013 ነው። ሕጉ አረቄ ማውጣትን አልፈቀደም። ለልደትና ለክርስትና ጠምቆ ማቅረብ አንድ ነገር ነው፤ «አምስት ብር ጣሉበት» ማለት ግን ንግድ ነው፣ ፈቃድ ይጠይቃል። ሳውዲና ኩዌት ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች ግን ይህን ሁሉ ለማወቅ ብቻ አንብቡት፤ እዚያ መጥመቁ ራሱ ወንጀል ነው፣ እስርና መባረር ያስከትላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሁሉም ሐበሻ ጠማቂ ይዋል ይደር ይጠይቀዋል፦ በሆፕ ፋንታ ጌሾ ማድረግ ይቻላል? ይቻላል። እኔ ከሐበሻ ሱቅ የገዛሁትን የጌሾ እንጨት 40 ግራም ያህል ከብቅሉ ጋር ግማሽ ሰዓት አንተክትኬው ነበር። ሲንተከተክ ከላዩ ላይ ያለው የዱር እርሾ ይሞታል፣ ምሬቱ ግን ይቀራል። የወጣው ሻይ የመሰለ ቀይ፣ ሣር ሣር የሚል፣ ምሬቱ ምላስ ላይ ሳይሆን ጉሮሮ ላይ የሚቆይ ቢራ ነው። አሜሪካዊው ጎረቤቴ ሁለት ጠርሙስ ጠጥቶ ስሙን ጠየቀኝ፤ ስም አላወጣሁለትም። እናቴ ባለፈው ዓመት ስትመጣ በብርጭቆ ቀዳሁላት። አሸተተችው፣ ቀመሰችው፣ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየችው። «ንጹህ ነው» አለች። ቆይታ ደግሞ «ባዶ ነው እንጂ፤ ጭስ የለውም» አለችና ጨረሰችው።

ስትቀዱ ብርጭቆውን አዘንብላችሁ በቀስታ፣ ሳታቋርጡ ቅዱት፤ ጠርሙሱን መልሳችሁ ካቀናችሁት ሥሩ ይናጣል። ከታች አንድ ጣት ሲቀር አቁሙ። ያቺ አተላ ናት።